ዘይቱ ላይ መጠኑ ይጻፍልን

ለኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ዘይትና ዱቄት ውስጥ የሚጨመሩ ቫይታሚኖች መጠን እንዲገለጽልን ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ።

በ2014 ዓ.ም. የምግብ ዘይትና የስንዴ ዱቄት በቫይታሚንና በማዕድን እንዲበለጽጉ ግዴታ ሲሆን ደስ ካላቸው ሰዎች አንዱ ነኝ። ዛሬም አልተቃወምኩም። ዱቄት ውስጥ የሚገባው ፎሊክ አሲድ የጽንስን አከርካሪና አንጎል ከአፈጣጠር ጉድለት ይከላከላል። ጉድለቱ በአገራችን ብዙ ነው። ደግሞ የሚከሰተው በመጀመሪያው ወር ውስጥ፣ ብዙ ሴት ማርገዟን እንኳ ሳታውቅ ነው። ያኔ ኪኒን አይደርስላትም። ዳቦው ግን ይደርሳል።

የእኔ ጥያቄ ስለ መጠን ነው። ወጥ ቤቴ ያለው ጀሪካን «በቫይታሚን ኤ እና ዲ የበለጸገ» ይላል። ስንት? እሱን አይልም።

ቫይታሚን ኤ እና ዲ በስብ የሚሟሙ ናቸው። ሲበዙ ሰውነት እንደ ቫይታሚን ሲ በሽንት አያስወግዳቸውም፤ ያጠራቅማቸዋል። አዋቂ ሰው በቀን ከ3,000 ማይክሮግራም በላይ ሬቲኖል (ዝግጁ የሆነ ቫይታሚን ኤ) እንዳይወስድ የሚመከረው ለዚህ ነው። ለነፍሰ ጡር ማብዛቱ ጽንሱን ሊጎዳ ይችላል። (ካሮትና ጎመን እዚህ ውስጥ የሉበትም፤ ከእነሱ ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚቀይረው የሚፈልገውን ያህል ነው።) ከዘይት ብቻ እዚህ ልክ የሚደርስ ሰው ያለ አይመስለኝም። ግን ዘይት ብቻውን ማን ይበላል? 100 ግራም የበሬ ጉበት ብቻውን ከዚህ መጠን ያልፋል፤ ዱለት ወዳጆች ልብ በሉ። ዘመድ ከውጭ የላከው የፀጉርና የቆዳ ቫይታሚንም አለ። ቁጥሩ ካልተጻፈ ማን ይደምረው?

ስህተትም ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመ የሕክምና ዘገባ ከአሜሪካ ቦስተን አካባቢ 8 ሰዎች በቫይታሚን ዲ ብዛት መመረዛቸውን ገልጿል። የጠጡት ተራ ወተት ነው፤ አንድ የአካባቢው ድርጅት በየቤቱ የሚያድለው። ናሙናው ሲመረመር አንዱ ወተት ውስጥ ቫይታሚን ዲ ጭራሽ አልተገኘም። በሌላው ከተወሰነው ከ500 እጥፍ በላይ ነበር። ደረጃው ወረቀት ላይ ልክ ነው፤ የተበላሸው አጨማመሩና ቁጥጥሩ ነው። ያውም አሜሪካ።

ይበልጥ የሚያሳስቡኝ ግን ጾመኛ አዛውንቶቻችን ናቸው። ፎሊክ አሲድና ቫይታሚን ቢ12 ደም ሲሠራ አብረው ነው የሚሠሩት። ቢ12 ያነሰው ሰው ብዙ ጊዜ የደም ማነስ ይይዘዋል፤ ሐኪም ደሙን አይቶ ይነቃል። ፎሊክ አሲድ በብዛት ከገባ ግን ደሙ ደህና ይመስላል፣ ነርቩ መጎዳቱን ይቀጥላል። እግር ይደነዝዛል፣ ሚዛን ይጠፋል፣ መርሳት ይመጣል። «እርጅና ነው» ተብሎ ይታለፋል። ከፎሊክ አሲድ በቀን ከ1,000 ማይክሮግራም አትለፉ የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

ቢ12 በተፈጥሮ የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከእንቁላልና ከዓሣ ነው። ጾም አጥብቆ የሚይዝ ሰው የዓመቱን እኩሌታ ያህል ከእነዚህ ይርቃል። ጤነኛ ከሆነ ጉበቱ ያጠራቀመው ለዓመታት ስለሚበቃው ጾሙ ብቻውን አይጎዳውም። ግን በዕድሜ የገፉ፣ ቢ12ን ከምግብ መውሰድ የተሳነው ጨጓራ ያላቸው፣ በዚያ ላይ ለስኳር ሜትፎርሚን የሚወስዱ እናቶችና አባቶች አሉን። መድኃኒቱ ራሱ ቢ12 ይቀንሳል። ስለዚህ ዱቄቱ ውስጥ ፎሊክ አሲዱ ስንት፣ ቢ12ስ ስንት እንደሆነ በግልጽ ይነገረን። ከጤና ሚኒስቴር ጋር ተነጋግራችሁም የእነዚህ ሰዎች ቢ12 የሚለካበትን መንገድ አመቻቹ።

በየማሸጊያው ላይ ከቫይታሚኑ ስም ጎን መጠኑ በአማርኛና በሌሎች ቋንቋዎቻችን፣ በሚነበብ ፊደል ይውጣ። የናሙና ምርመራችሁንም ውጤት በየጊዜው ለሕዝብ አውጡት፤ የበዛውንም ያነሰውንም። ቫይታሚን ኤ በብርሃን ይበላሻል፤ ዘይቱ ደግሞ ብርሃን በሚያስገባ ጀሪካን ሱቅ ደጃፍ ላይ ፀሐይ ሲመታው ይውላል። ናሙናው ከፋብሪካ ብቻ ሳይሆን ከእነዚያ ሱቆችም ይወሰድ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ ሸማች