ያልተከተቡት ውሾች ይቆጠሩልን

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ወረዳዎች የውሻ ክትባት ዘመቻ አካሂደው ሲጨርሱ ለሕዝብ የሚነገረው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቁጥር ነው፤ «ይህን ያህል ውሻ ተከተበ»። ቁጥሩ ትክክል ሊሆን ይችላል። ከስንት ውሻ ውስጥ እንደሆነ ካልተነገረ ግን አፍንጮ በር ወይም ሠራተኛ ሠፈር የሚኖር ወላጅ ልጁን ብቻውን ሱቅ መላክ ይችል እንደሆነ ከዚያ ቁጥር ሊያውቅ አይችልም።

የእብድ ውሻ በሽታ ከውሻ ወደ ውሻ መተላለፉ እንዲቆም በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች ቢያንስ 70 በመቶው በየዓመቱ መከተብ እንዳለባቸው የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል። ቁጥሩ ከፍ የተደረገው በምክንያት ነው። የመንገድ ውሻ ዕድሜው አጭር ነው፤ የተከተበው በመኪና ተገጭቶ ወይም ታሞ ይሞታል፣ በምትኩ ያልተከተበ ቡችላ ይወለዳል። በዘመቻው ማግስት 70 በመቶ የነበረው ሽፋን ከስድስት ወር በኋላ እዚያው አይገኝም። ከ40 የጀመረ ወረዳማ ቀጣዩ ዘመቻ ሳይደርስ በሽታውን የሚገታ አቅም አይኖረውም።

ሽፋኑን ማወቅ ብዙ በጀት አይጠይቅም። ውሻው እንደተከተበ አንገቱ ላይ ባለቀለም ማሰሪያ ይደረግለታል፤ ለማሰር የማያመች ከሆነ የከብት ምልክት ማድረጊያ ቀለም ጀርባው ላይ ይረጫል። ለቡችላ ቀለም ብቻ ነው የሚሆነው፤ ቡችላው እያደገ ሲሄድ ማሰሪያው ያንቀዋል። በማግስቱ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት፣ መኪናው ሳይበዛና ውሾቹ ሳይበተኑ፣ ሁለት ሰዎች ቀጠናውን በእግር ዞረው ምልክት ያለውንና የሌለውን ለየብቻ ይመዘግባሉ። 60 ውሻ ታይቶ ምልክት ያለው 33 ቢሆን ሽፋኑ 55 በመቶ ነው ማለት ነው፤ ቢያንስ 42 መሆን ነበረበት። ስለዚህ ቡድኑ በዚያው ሳምንት ወደዚያው ቀጠና ይመለሳል። ቀለሙ ቶሎ ስለሚደበዝዝ ከሳምንት በኋላ የሚደረግ ቆጠራ ዋጋ የለውም።

እንዲህ ሲቆጠር የሚቀሩት ውሾች የትኞቹ እንደሆኑም ይታወቃል። ድንኳን ተክሎ መጠበቅ የሚያስገኘው ልጆች አቅፈው የሚያመጧቸውን ውሾች ነው። ቀን ታስሮ ሌሊት የሚለቀቀው የግቢ ጠባቂ ግን በማሰሪያ ተይዞ መንገድ ላይ ወጥቶ አያውቅም፤ ባለቤቱ ራሱ ሊይዘው ይፈራል። ዘመቻው በሥራ ቀን ጠዋት ከሆነ ደግሞ ውሻውን የሚያውቀው ዘበኛ የሌሊት ተረኛ ነበርና ተኝቷል (ሞንታርቦ የጫነችው መኪና ብትጮህም አይነሣም)። እንዲህ ላለው ውሻ ቅዳሜና እሑድ ከበር በር መዞርና እንደታሰረ ግቢው ውስጥ መውጋት ይቀላል። ባለቤት አልባው የሚገኘው ደግሞ ጎሕ ሲቀድ፣ በቆሻሻ ገንዳና በልኳንዳ ቤት ዙሪያ ነው። እዚያ የሚሠራው ረጅም እጀታ ያለው መረብ ነው፤ ሁለት ሰው ይይዛል፣ አንዱ ይወጋል፣ አንዱ ይመዘግባል። በሽቦ ማነቂያ የሚያዝ ውሻ ይጮኻል፤ ጩኸቱን የሰማው መንጋ ያን ቀን አይጠጋም።

በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ፒያሳና ካዛንቺስ ላይ ሠፈሮች ሲነሡ ነዋሪው ወደ ኮንዶሚኒየም ሄዷል። ውሻ ግን ወደ ፎቅ ቤት ሁልጊዜ አብሮ አይገባም። ከዚያ በፊት የተሠራ የውሻ መዝገብ ያለው ወረዳ እንደ አዲስ መጀመር አለበት።

ቡችላ «3 ወር አልሞላውም» ተብሎ ሲመለስም ይታያል። በጅምላ ዘመቻ ላይ ቡችላም መከተብ አለበት፤ ልጆች እየታቀፉት የሚውሉት፣ የሚቧጭራቸውና የሚልሳቸው እሱ ነውና።

ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ መቆየት አለበት፤ እንዲበርድ ተብሎ በረዶ ሲሠራም ይበላሻል። ብልቃጡ አይስ ቦክስ ውስጥ ከበረዶው ጋር በቀጥታ ከተነካካ በረዶ መሥራቱ ስለማይቀር መሃሉ ላይ ካርቶን ወይም በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይገባል። የሚወጋው አብዛኛውን ጊዜ 1 ሚሊ ሊትር፣ ከቆዳ ሥር ነው። የትከሻው ቆዳ ሽቅብ ይነሣና መርፌው ከሥሩ ይገባል። የሚቸኩል ሰው እጥፉን በሌላው ወገን ይበሳውና መድኃኒቱ ጠጉሩ ላይ ይፈስሳል፤ መዝገቡ ላይ ግን «ተከተበ» ተብሎ ይጻፋል። ከወጉ በኋላ ጠጉሩን በጣት መዳሰስ ነው፣ እርጥብ ከሆነ ይደገማል።

ይህ ሁሉ ከሚደክመን መርዝ ይሻላል የሚሉ አሉ። ከተማችን ለረጅም ዓመታት በሥጋ የተለወሰ ስትሪክኒን ሞክራዋለች። ስትሪክኒን ውሻውን የሚገድለው ጡንቻውን እያንቀጠቀጠና ትንፋሹን እያቋረጠ፣ አእምሮውን ሳይስት ነው። ሬሳውን የበላ ጥንብ አንሣም ይሞታል። የተከተበውንና ያልተከተበውን ስለማይለይም ወረዳው ትናንት በገንዘቡ የከተበውን ዛሬ ራሱ ይገድላል። ክፍት የሆነውን ገንዳ ደግሞ ከሌላ ሠፈር የመጣ፣ ክትባት የማያውቅ ውሻ ይወርሰዋል። ሴት ውሻ በዓመት ሁለት ጊዜ ያህል ወንድ ልትፈልግ ትችላለች፤ እርግዝናዋም 63 ቀን ገደማ ብቻ ስለሆነ የጎደለው ብዙ ሳይቆይ ይሞላል። ቁጥሩን የሚቀንሰው ሴቶቹን ማምከንና ምግቡን መዝጋት ነው።

የምግቡ ጉዳይ ከእንስሳት ሐኪሙ እጅ ውጭ ነው። ክዳን የሌለው ወይም ሞልቶ የፈሰሰ ገንዳ እያለ ዘመቻው ማለቂያ አይኖረውም። ልኳንዳ ቤት አጥንቱንና ቁርጥራጩን ክዳን ባለው በርሜል አድርጎ ማታውኑ እንዲያስረክብ ማስገደድ የወረዳው ሥልጣን ነው፤ ወንዝ ዳር የሚጣለውንም፣ ቀበናም ይሁን ግንፍሌ፣ እንዲሁ። በበዓል ሰሞን ደግሞ እርዱ ወደ ግቢ ይገባል። በግ ወይም የቅርጫ በሬ ሲታረድ ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ውኃ የቋጠረ ነጭ ከረጢት ከታየ ለውሻ መጣል የለበትም። በከረጢቱ ውስጥ ያለው የትል ዘር ውሻው አንጀት ውስጥ ያድጋል፤ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ወጥቶ በእጅና ባልታጠበ አትክልት ወደ ሰው ይገባል፤ ያው ከረጢት በሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ይበቅላል። እንዲህ ያለ አካል ይቀበራል፣ ውሻ የማይቆፍረው ጥልቀት ድረስ። ለውሻ መስጠት የግድ ከሆነ 40 ደቂቃ ይቀቀላል። ወረዳው በክትባቱ ቀን ይህን ትል የሚገድለውን የፕራዚኳንቴል ኪኒን፣ በኪሎ 5 ሚሊ ግራም ሒሳብ፣ ቢያክልበት በአንድ ድካም ሁለት ሥራ ይሠራል።

የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ይጠብ፤ በሰዓት ታይቶ፣ በግምት አይደለም። ቡና፣ በርበሬ፣ ዐመድ አይደረግበትም። ከዚያ በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም ነው። ብዙ ሰው የሚፈራው በየቀኑ ሆድ ላይ ይወጋ የነበረውን የቀድሞውን ክትባት ነው፤ ዘመናዊው ክንድ ላይ በ0 (ክትባቱ በተጀመረበት ዕለት)፣ በ3፣ በ7 እና ከ14 እስከ 28 ባለው ቀን ይሰጣል። ንክሻው ቆዳ የበሳ ከሆነ ቁስሉ ውስጥና ዙሪያ የሚወጋ ኢሙኖግሎቡሊን የተባለ ዝግጁ ፀረ እንግዳ አካልም ያስፈልጋል። ምልክቱ ከታየ በኋላ ግን ሕክምና የለውም።

የነከሰው ውሻ ጤነኛ መስሎ ከታየ አይገደል፤ ታስሮ 10 ቀን ይታይ። በ10 ቀን ውስጥ ካልታመመና ካልሞተ ሲነክስ በምራቁ ቫይረሱ አልነበረም ማለት ነው። አብዶ መገደሉ የግድ ከሆነም ጭንቅላቱ በድንጋይ አይቀጥቀጥ፤ ምርመራው የሚሠራው በአንጎሉ ላይ ነውና የተፈጨ ናሙና መልስ አይሰጥም። የወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጓንት አድርጎ ጭንቅላቱን በበረዶ አሽጎ ወደ ኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይልከዋል። ይህን የሚያውቅ የደንብ አስከባሪ በእያንዳንዱ ወረዳ አንድ እንኳ ቢኖር ጥሩ ነበር።

ከእነዚህ ውሾች ጋር በየንጋቱ ገንዳ የሚጋሩት ደግሞ የጽዳት ማኅበራት አባላት ናቸው። ለውሻ ያዡና ለከታቢው የሚሰጠው ቅድመ መከላከያ፣ በ0 እና በ7ኛው ቀን ሁለት መርፌ፣ ለእነሱም ሊታሰብ ይገባል። ወጪው በጤና ጽሕፈት ቤቱ ወይስ በጽዳት አስተዳደሩ በጀት ይያዝ የሚለውን ክፍለ ከተሞች ከሚቀጥለው ዘመቻ በፊት ቢወስኑና የየቀጠናውን ሽፋን በመቶኛ በጋዜጣችሁ ቢያወጡልን እንጠይቃለን።

አንድ የእንስሳት ሐኪም
ከአራዳ ክፍለ ከተማ፣ አዲስ አበባ