ውሻ ማሠልጠን ለሰሜን ሸዋም ይበጃል

ክቡር አዘጋጅ፣

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1978 ለንደን ውስጥ በክራፍትስ የውሾች ትርዒት ለተመልካች ማዝናኛ ተብሎ የቀረበው የመሰናክል ውድድር፣ ውሻው ያለ ማሰሪያ በባለቤቱ ድምፅና የእጅ ምልክት ብቻ እየተመራ አግዳሚ እንጨት እንዲዘል፣ በቱቦ እንዲያልፍና በተተከሉ ዘንጎች መካከል እንዲሽሎከለክ ይጠይቃል። የታዛዥነት ውድድር ግን ሲጠሩት መምጣትን፣ ከባለቤቱ ጎን ሳይቀድሙ መሄድንና ተቀመጥ በተባሉበት መቆየትን ይመዝናል።

እኔ ለአካባቢያችን የማስቀድመው ይህን ሁለተኛውን ነው። በመንዝ ጓሳ ልቅ የሚዘዋወሩ ውሾች የእብድ ውሻ በሽታን ወደ ቀይ ቀበሮ ሊያስተላልፉ ስለሚችሉ፣ ሲጠሩት ወዲያው የሚመለስ የእረኛ ውሻ ከማንኛውም ዋንጫ የበለጠ ጥቅም አለው። ለማሠልጠንም ብዙ ወጪ አያስፈልግም፤ ቁራሽ ዳቦ ይበቃል፣ ነገር ግን ሽልማቱ ውሻው ትእዛዙን በፈጸመበት ቅጽበት ካልተሰጠ ለምን እንደተሸለመ አይገባውም። (ዱላ የለመደ ሰው ይህን ሲሰማ እንደሚስቅ አውቃለሁ።)

ስለዚህ የሚመለከታቸው አካላት በደብረ ብርሃን ውድድር ቢያዘጋጁ፣ የክትባት ማስረጃ የመግቢያ ግዴታ እንዲሆንና አጥንታቸው ያልጠና ቡችሎች ከዝላይ እንዲታገዱ እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ፣ ከደብረ ብርሃን