ማን እንደሚዘፍን አወቅን፤ ስንት ሰዓት እንደሚያበቃስ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው ቅዳሜ ሁለት የልጅ ልጆቼን ይዤ፣ ለቤተሰብ ተብሎ በተሰናዳ አንድ አነስተኛ የበጋ የሙዚቃ ፌስቲቫል ላይ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ድረስ ዋልኩ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ቀኑ ስለከፋብኝ አይደለም፤ ከልጆቹ ጋር ካሳለፍኳቸው ቀኖች መካከል ደጋግሜ ከማነሣቸው አንዱ እንደሚሆን አልጠራጠርም። ያስጻፈኝ ሌላ ነው። ቀኑን ያሳመሩልን ነገሮችም ሆኑ ከሰዓት በኋላ ሊያበላሹት የደረሱት ነገሮች፣ አንዳቸውም በማስታወቂያው ላይ አልተጠቀሱም ነበር። ማስታወቂያው ቀኑንና ቦታውን፣ የድምፃውያኑንም ስምና ፎቶግራፍ ከደረደረ በኋላ ከግርጌው “ለመላው ቤተሰብ” ብሎ ይዘጋል፤ የጋዜጣችሁ የመዝናኛ ዓምድም ይህንኑ እንዳለ ተቀብሎ አትሞታል። እነዚያ ሁለት ቃላት ምን ምን እንደያዙ ግን በሩን አልፈን እስክንገባ ድረስ የምናውቅበት መንገድ አልነበረም።

ትልቋ 7 ዓመቷ ነው፤ ትንሹ 3 ሊሞላው ጥቂት ወራት ቀርተውታል። ሁለቱን ይዞ ወደ አንድ ቦታ መሄድ ወደ ሁለት ቦታ እንደመሄድ ነው፤ እሷ ቀጥሎ የሚወጣው ማን እንደሆነ ስትጠይቀኝ እኔ እሱን የት እንደማስተኛው አስባለሁ።

ስለ አነስተኛነቱ አስቀድሜ ልናገር፤ የቀኑ ደስታ ከዚያ የመጣ ነውና። ሜዳው ከዳር እስከ ዳር ይታያል፤ አንድ ቦታ ላይ ተቀምጦ መድረኩንም፣ መውጫውንም፣ የሚሮጥ ልጅንም በአንድ ጊዜ ማየት ይቻላል። ጠዋት የተጫወተው ቡድን ከመድረክ ሲወርድ ከአጥር ጀርባ አልጠፋም፤ ሣሩ ላይ ከእኛው ጋር ተቀመጠ። የልጅ ልጄ ትልቁ ከበሮ ያለ እጅ እንዴት እንደሚመታ ልትጠይቅ ሄዳ፣ ድራም ተጫዋቹ ወንበሩ ላይ አስቀምጦ እግሯ የሚረግጠው ፔዳል መዶሻውን እንዴት እንደሚገፋ አሳያት። እግሯ አልደርስ ሲላት በእጇ እየተጫነች ሃያ ደቂቃ ያህል ቆየች። ከዚያ ወዲያ የተጫወቱትን ቡድኖች ሁሉ የተመለከተችው ከዘፋኙ ይልቅ የድራም ተጫዋቹን እግር እያየች ነው። በትልልቆቹ ፌስቲቫሎች ላይ በሕዝቡና በመድረኩ መካከል የብረት አጥር፣ የጥበቃ ሠራተኞችና የፎቶግራፍ አንሺዎች መተላለፊያ ስላለ እንዲህ ያለው ነገር አይታሰብም። ዛሬ 200 ሺህ ያህል ሰው የሚገኝበት የእንግሊዙ ግላስተንበሪ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1970 ሲጀመር የታደሙት 1,500 ሰዎች ያህል ብቻ ነበሩ፤ የዚያን ቀን ልጅ ይዞ የሄደ ሰው ካለ እቀናበታለሁ።

ወደ ሰዓቱ ልለፍ። የመጀመሪያው ቡድን በ4 ሰዓት ተኩል ይጀምራል የተባለው በቦታው በለጠፉት ወረቀት ላይ ሲሆን፣ የጀመረው ግን 5 ሰዓት ከሃያ ላይ ነው። እኛ ሣሩ ላይ ተቀምጠን መድረኩ ላይ ገና ሳውንድ ቼክ፣ ማለትም የድምፅ ፍተሻ፣ ይደረግ ነበር፤ “አንድ፣ ሁለት” የሚለውን ትንሹ ልጅ እንደ ዘፈን ቆጥሮት ሲያጨበጭብ ዋለ። ምክንያቱ ይገባኛል። አንዱ ቡድን ወርዶ ሌላው እስኪወጣ ድረስ ድራሙ ይቀየራል፣ ማይክሮፎኖቹ ይተካሉ፣ ሙዚቀኞቹ ራሳቸውን የሚሰሙባቸው ሞኒተሮች እንደገና ይስተካከላሉ፤ ይህ በጥድፊያ ቢሠራም ሃያ ደቂቃና ከዚያ በላይ ይወስዳል፣ ጠዋት የዘገየውም እየተደመረ ወደ ማታው ይሻገራል። እ.ኤ.አ. በ1969 የተካሄደው ዝነኛው የውድስቶክ ፌስቲቫል እሑድ ሊያበቃ ታቅዶ፣ መዝጊያው የነበረው ጂሚ ሄንድሪክስ መድረክ ላይ የወጣው ሰኞ ጠዋት ነበር፤ አብዛኛው ታዳሚ ያን ጊዜ ሄዷል። እንግዲህ መዘግየት የሙዚቀኛ ሁሉ ደዌ ነው ብለን ልናልፈው እንችላለን። ዳሩ ግን መዘግየት ለአዋቂ የጨዋታ ጊዜ ሲሆን፣ የእንቅልፍ ሰዓቱ ለደረሰ ሕፃን ግን ዝግጅቱን ጨርሶ መሰረዝ ነው። ለልጆች የተዘጋጀው የተረትና የዘፈን ክፍለ ጊዜ ከ6 ሰዓት ተኩል ወደ 8 ሰዓት ሲገፋ፣ ለእሱ ሲባል የመጣንለት ልጅ ትከሻዬ ላይ ተኝቶ ነበር።

ስለ ፀሐዩ ብዙ አልልም። የፀሐይ ጨረር የሚበረታው ከረፋዱ 4 እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ሲሆን፣ ይህም ፌስቲቫሉ ከሞላ ጎደል የሚካሄድበት ጊዜ ነው። የሕፃን ገላ ከክብደቱ ጋር ሲነጻጸር ሰፊ ስለሆነ ከአዋቂ ይልቅ ፈጥኖ ይግላል። አዘጋጆቹ አንድ ትልቅ ድንኳን አቁመው ነበርና በዚህ አላማቸውም፤ ድንኳን መኖሩን ብናውቅ ኖሮ ግን ጃንጥላውን፣ ምንጣፉንና ያን ሁሉ ጓዝ ተሸክመን አንሄድም ነበር።

ዋናው ጉዳይ ድምፁ ነው። ወደ 9 ሰዓት ገደማ አንድ ከፍ ያለ ድምፅ የሚያዘወትር ቡድን መድረክ ላይ ወጣ። እኛ ትልቋ ድራሙን እንድታይ ብለን ከመድረኩ አራት ሜትር ያህል ርቀን ቆመን ነበር። ትንሹ ከእንቅልፉ ባኖ ሁለቱን እጆቹን ጆሮዎቹ ላይ ጭኖ አለቀሰ፤ እኔም መጀመሪያ የመሰለኝ ርቦት ነው። ቀና ብዬ የሰቀሏቸውን ስፒከሮች ሳይ ርቀው ከጭንቅላታችን በላይ ነበሩ። ዝቅ ብዬ ስመለከት ግን ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጡት ትልልቆቹ ሰብዉፈሮች መድረኩ ሥር መሬት ላይ ተደርድረዋል፤ አፋቸው በትክክል የሦስት ዓመት ልጅ ጆሮ ከፍታ ላይ ነው። አዋቂ በጉልበቱ የሚሰማውን ልጅ በፊቱ ይቀበለዋል ማለት ነው። ስልኬ ላይ ያለው የድምፅ መለኪያ 95 ዴሲቤል አካባቢ ያሳይ ነበር፤ የስልክ መለኪያ እንደ ባለሙያ መሣሪያ እንደማይታመን አውቃለሁ፣ ግምት ለመስጠት ግን ይበቃል።

ይህ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ ለማያውቁ አንባቢዎች ጥቂት ልዘርዝር። ዴሲቤል እንደ ሜትር ወይም እንደ ኪሎ አይቆጠርም፤ 3 በጨመረ ቁጥር የድምፁ ኃይል እጥፍ ይሆናል፣ ጆሮ ሳይጎዳ ሊቆይበት የሚችለው ጊዜም በግማሽ ያጥራል። የዓለም ጤና ድርጅት ለሙዚቃ ማዳመጫ መሣሪያዎች ባወጣው መመዘኛ አዋቂ በሳምንት 40 ሰዓት ሊያዳምጥ የሚችለው በ80 ዴሲቤል ሲሆን፣ ለልጆች ግን 75 ነው። ስሌቱን ወደ 95 ብንወስደው ለአዋቂ የሳምንቱ ድርሻ 75 ደቂቃ፣ ለልጅ ደግሞ 24 ደቂቃ ገደማ ይሆናል። ያ ቡድን የተጫወተው 45 ደቂቃ ነው። በውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ድምፅን የሚቀበሉት ጸጉር መሰል ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ በሰው ልጅ ላይ ተመልሰው አይበቅሉም፤ ጉዳቱም ብዙ ጊዜ የዚያኑ ቀን አያምም፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ሊታወቅ ይችላል።

መፍትሔው ከባድ አልነበረም፤ ሠላሳ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ሄድን። በሜዳ ላይ ከምንጩ ያለው ርቀት እጥፍ በሆነ ቁጥር ድምፁ ወደ 6 ዴሲቤል ይቀንሳልና፣ ከአራት ሜትር ወደ ስምንት፣ ከስምንት ወደ አሥራ ስድስት፣ ከዚያም ወደ ሠላሳ ሁለት ስንሸሽ መለኪያው 80 አካባቢ ደረሰ፣ ልጁም ዝም አለ። ትልቋ ግን አኮረፈች፤ ከዚያ ርቀት ፔዳሉ አይታይም። ከጎናችን የነበረች አንዲት እናት ለልጇ የጆሮ መሸፈኛ አድርጋለት ስለነበር እነሱ ከነበሩበት አልተነሡም። ለምን እኔም ይዤ አልመጣሁም? ማንም እንደሚያስፈልግ ስላልነገረኝ። ሄጄ የድምፅ ባለሙያውን ባነጋግረው በትሕትና ተቀበለኝ፣ ጥቂትም ዝቅ አደረገው፤ የተወሰነ ጣሪያ እንዳልተሰጠውና ሙዚቀኞቹ ዘወትር “ጨምርልን” እንደሚሉት ነገረኝ። በእሱ አልፈርድም፤ ጣሪያውን መወሰን የአዘጋጆቹ ሥራ ነው። ያው የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ለሙዚቃ ቦታዎችና ዝግጅቶች ባወጣው መመዘኛ ላይ ድምፁ በ15 ደቂቃ አማካይ ከ100 ዴሲቤል እንዳይበልጥ፣ የሚከታተልና የሚመዘግብ ሰው እንዲመደብ፣ የጆሮ መከላከያ እንዲቀርብ፣ ጆሮ የሚያርፍበት ጸጥ ያለ ቦታ እንዲኖር ይመክራል። 100 የተባለው እንኳ የላይኛው ወሰን ነው እንጂ ሕፃናት ለሚውሉበት ሜዳ የተመረጠ መጠን አይመስለኝም።

የሚገርመው ጸጥ ያለው ቦታ ነበረ። ከዛፎቹ ጀርባ ምንጣፍ ተነጥፎ፣ የሥዕል መጻሕፍትና እርሳስ ተቀምጦ፣ አንዲት ወጣት በጎ ፈቃደኛ ብቻዋን ተቀምጣ ነበር። ያገኘነው ከ10 ሰዓት በኋላ ልጁን ላሸናው ስሄድ በአጋጣሚ ነው። በር ላይ ለልጆች በሚያስሩት የእጅ ማሰሪያ ላይ የወላጅ ስልክ ቁጥር መጻፋቸውም ሊመሰገን ይገባል፤ አንድ ልጅ ጠፍቶ በዚያው ቁጥር ተደውሎ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሲገኝ ዓይቻለሁ። ወጥቶ መመለስ ስለመቻሉ ግን የበሩ ሠራተኞች አንዱ “ይቻላል”፣ ሌላው “አይቻልም” አሉን።

ፌስቲቫል የሕፃናት ማቆያ አይደለም፣ ሙዚቃም በሹክሹክታ አይሆንም የሚል ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ። እኔም በወጣትነቴ ቤዙ ደረቴን ካልመታው የተዘፈነ አይመስለኝም ነበር፤ ዛሬ ሰው ሲያናግረኝ የቀኝ ጆሮዬን የማቀርበው ከዚያ ዘመን የተነሣ ሳይሆን አይቀርም። ሁሉም ዝግጅት ድምፁን ይቀንስ አልልም። አነስተኛ ፌስቲቫል የሚያዘጋጁ ሰዎች በጥቂት ገንዘብና በብዙ በጎ ፈቃድ እንደሚሠሩም አልዘነጋሁም። የምለው ያላቸውን ይንገሩን ነው፤ የሌላቸውንም እንዲሁ፤ ይህ ተጨማሪ ወጪ የለውም።

ከእናንተ የምለምነው የሚከተለውን ነው። የመዝናኛ ዓምዳችሁ “ለመላው ቤተሰብ” የሚል ማስታወቂያ ሲደርሰው ከማተሙ በፊት አዘጋጆቹን መቼ ተጀምሮ መቼ እንደሚያበቃና የልጆቹ ክፍለ ጊዜ በስንት ሰዓት እንደሆነ፣ ለድምፁ የወሰኑት ጣሪያ ስንት እንደሆነና የሚለካው ሰው መኖሩን፣ ጥላ፣ ውኃና ጸጥ ያለ ቦታ የት እንዳለ፣ ወጥቶ መመለስ መቻሉን ይጠይቅ። መልስ ከሰጡ ሁለት መስመር ይበቃዋል። መልስ ካልሰጡ ደግሞ “አዘጋጆቹ አልገለጹም” ብላችሁ አትሙት፤ ወላጅ ከዚህች ዓረፍተ ነገርም ብዙ ይረዳል፣ የጆሮ መሸፈኛም ይዞ ይሄዳል።

የልጅ ልጄ ሌላ ፌስቲቫል መቼ እንደሚኖር ከዚያ ቀን ጀምሮ እየጠየቀችኝ ስለሆነ በትናንቱ እትማችሁ ፈልጌ አንድ አገኘሁ። ለመላው ቤተሰብ ይላል። አሥራ አንድ የድምፃውያን ስም አለው፤ አንድም ሰዓት የለውም።

ከአክብሮት ጋር፣
ከጋዜጣችሁ የዘወትር አንባቢዎች አንዱ