ሕጉ ላይ ስሙ የለም፣ ግን ያሳስራል

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ባለፈው ዕትማችሁ አንድ አንባቢ «ጫት በአሜሪካ ሕግ ላይ ስሙ የለም፤ ቅጠል ይዞ መጥቶ መታሰር ግፍ ነው» ብለው ጽፈዋል። ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ግን ሰው ያሳስራል።

እዚሁ አሜሪካ ለ22 ዓመት የመንግሥት ጠበቃ ነበርኩ። ሥራዬ የአደንዛዥ ዕፅ ቁጥጥር ወኪሎችን ማማከር ነበር። ይህን ስናገር ሰው ፍርድ ቤት ቆሜ ስከስስ የኖርኩ ይመስለዋል። ክሱ የዐቃቤ ሕጎቹ ነው። የእኔ ድርሻ ስልክ ነበር። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ይደወላል። «ጥቅሉ እጃችን ላይ ነው፤ ውሻውም አሽትቶታል። እንክፈተው?» ብዙ ጊዜ መልሴ «ዳኛ ቀስቅሱ» ነው። በአገር ውስጥ ፖስታ የሚላክ የታሸገ ጥቅል ያለ ፍርድ ቤት ማዘዣ እንደማይከፈት ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የተናገረው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1878 ነው። ከውጭ ለሚገባ ዕቃ ግን ይህ አይሠራም። ዋሽንግተን አጠገብ ባለው ደለስ ኤርፖርት ላይ ጉምሩክ ሻንጣችሁን ለመፈተሽ ማንንም አያስፈቅድም።

ወደ ጫቱ ልመለስ። የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። አንድ ቀን ወኪሎቹ በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ የጫት እስር አሳይተውኝ «ይሄ ምንድን ነው?» አሉኝ። ሽታው ብቻ ቀፊራ ገበያ ወስዶ ጣለኝ። መጀመሪያ የመከርኳቸውም የሕግ ነገር አልነበረም። «ቶሎ ፍሪዘር ውስጥ አስገቡት» አልኳቸው። የትናንት ጫት እንደ ዛሬው እንደማያመረቅን ቃሚ ሁሉ ያውቃል። ምክንያቱ ካቲኖን የሚባለው ንጥረ ነገር ነው። ቅጠሉ ሲጠወልግ እሱም እየቀነሰ ወደ ደካማው ካቲን ይለወጣል።

የአሜሪካ ሕግ ቁጥጥር የሚደረግባቸውን ዕፆች በአምስት መደብ ይዘረዝራል፤ አንደኛው ከሁሉ ጥብቁ ነው። ዝርዝሩ ላይ የተጻፈው ታዲያ የቅጠሉ ስም ሳይሆን የነዚህ የሁለቱ ነው። ካቲኖን ከ1993 ጀምሮ አንደኛው መደብ ውስጥ ነው፣ ከሄሮይን ጋር። ካቲን አራተኛው ውስጥ ነው። ስለዚህ «ደርቋል እኮ» ማለትም አያድንም። ከሄሮይን ጋር መመደቡ እኔ ራሴ አልተዋጠልኝም። ግን አማካሪ የሚያማክረው በተጻፈው ሕግ ነው።

ጸሐፊው የሚያነሱት የስም ክርክር ፍርድ ቤት ደርሷል። በ2003 ቦስተን ያለው የይግባኝ ፍርድ ቤት ጫት ይዞ የተገኘ ሰው ላይ የተላለፈውን ጥፋተኝነት አጸና። በ2005 ደግሞ ሲንሲናቲ ያለው ከአምስተርዳም ጫት ይዞ የመጣ ሌላ ሰው ላይ የተፈረደውን ሻረ። ቅጠሉ አንድ ነው። ልዩነቱ ተከሳሹ ክልክል ዕፅ መያዙን ማወቁ በበቂ ማስረጃ መታየቱ ላይ ነበር። ጸሐፊው ሁለተኛውን ሰምተው የመጀመሪያውን የነገራቸው የለም መሰለኝ። ለመሸከሚያ ገንዘብ ከተቀበልክ፣ ቅጹ ላይ «ሻይ ቅጠል» ብለህ ከሞላህ፣ ወኪሉ ይህን ሁሉ አንድ በአንድ ይጽፈዋል። እንዲጽፍ የነገርኩት እኔ ነኝ። ይህን ደብዳቤ ያነበበ ሰውም ከእንግዲህ «አላውቅም ነበር» ማለት ይቸግረዋል።

በሥራ ዘመኔ የከበደኝ የነጋዴዎቹ ፋይል አይደለም። የመንገደኞቹ ነው። የጎረቤት ልጅ ወይም የማኅበር አባል የታሸገ ነገር ያመጣል። «የሽፈራው ቅጠል ነው፣ ለስኳር በሽታ ለእናቴ» ይላል። እንዴት ክፈተው ይባላል? ይሉኝታ አለ። ሻንጣ ውስጥ ይገባል። ዋሽንግተን ሲደረስ ጉምሩኩ የሚጠይቀው ይሉኝታ የያዘውን ሰው ነው፤ የላከው ሰው እዚያ የለም።

እኔስ? ባለፈው ዓመት ከድሬ ስመለስ ታላቅ እህቴ በፌስታል ጠቅልላ፣ በፕላስተር አሽጋ በርበሬ ሰጠችኝ። ፊቷ ቀድጄ አየሁት። በርበሬ ነበር። «ሌባ አደረግኸኝ» ብላ ሁለት ወር ስልኬን አላነሳችም።

ጡረተኛ የመንግሥት ጠበቃ
ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂንያ