ለጠላችንስ ወረቀት ማን ይጻፍለት?

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ጋዜጣችሁን እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቡና እየጠጣሁ አነባለሁ። ስለ ፖለቲካ የሚጽፍላችሁ ሰው አይጠፋም። እኔ ስለ ጠላ ልጻፍ። የምጀምረው ግን ከቢራ ነው፤ ታገሡኝ።

ባለፈው ዓመት ሰኔ ላይ፣ እዚህ አገር የአባቶች ቀን ሲከበር፣ ልጄ አንድ ካርቶን አመጣልኝ። ልጁ እዚሁ የተወለደ ነው። አማርኛ ይሰማል፣ መልሱ ግን በእንግሊዝኛ ነው። ካርቶኑን ስከፍተው እንደ ማር የወፈረ የብቅል ጭማቂ አለ። በከረጢት የተከካ ብቅል አለ። እንደ ዶሮ መኖ የተድበለበለ አረንጓዴ ነገር በሦስት ትንንሽ ፓኬት፣ 11.5 ግራም እርሾ፣ ስኳር፣ አንድ ከረጢት ቆርኪ። ከላይ ደግሞ አንድ ወረቀት። ፔል ኤል የሚባለውን ቢራ በቤትዎ ይጥመቁ ይላል። 5 ጋሎን ይወጣዋል፤ ወደ 19 ሊትር መሆኑ ነው። ሃምሳ ጠርሙስ ገደማ።

እኔ የጠላ ጠማቂ ልጅ ነኝ። ደብረ ብርሃን ተወልጄ ያደግሁት በጠላ ነው። የቤታችን ምልክት ረጅም እንጨት ላይ የተደፋ ጣሳ ነበር። ግን ወንድ ነኝና ጋኑ አጠገብ አያስደርሱኝም። ጌሾ ወቅጫለሁ፣ ውኃ ቀድቻለሁ፣ አተላ ደፍቻለሁ። ጥንስሱ ላይ እጄን ያስገባሁበት ቀን ግን የለም።

ስለዚህ መጀመሪያ ያደረግሁት ለእማዬ መደወል ነው።

«አንተ! አሜሪካ ድረስ ሄደህ ጠላ ሻጭ ልትሆን ነው?»

«መሸጥ ክልክል ነው እማዬ።»

እውነቴን ነው። ቢራ በቤት መጥመቅ በአሜሪካ በፌዴራል ደረጃ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1978 ጂሚ ካርተር በፈረሙት ሕግ ነው። ሁለት አዋቂ ያለበት ቤት በዓመት እስከ 200 ጋሎን ያለ ቀረጥ ይጠምቃል። መሸጥ የለም። አላባማና ሚሲሲፒ ደግሞ እስከ 2013 ድረስ እምቢ ብለው ነበር። ይኼን ሁሉ ዘርዝሬ ነገርኳት።

«ታዲያ ምን ያደርግልሃል?» አለችኝ።

ሃምሳ ጠርሙስ ጠምቆ የማይሸጥ ሰው ሊገባት አልቻለም።

ወረቀቱ ከሁሉ በላይ የሚጮኸው ስለ ጽዳት ነው። ባልዲውን እጠብ፣ ከዚያ በመድኃኒት አለቅልቅ። ቱቦውንም፣ ማንኪያውንም፣ ክዳኑንም። ያኔ ነው እማዬ ትዝ ያለችኝ። ጋኑን በግራዋ ቅጠል ሙልጭ አድርጋ ታጥባለች። ከዚያ አፉን ወደ ታች ደፍታ በወይራ ታጥነዋለች። ልጅ ሆኜ ለሽታ ብቻ የምታደርገው ይመስለኝ ነበር። ለካ ጭሱ ጠላውን የሚያበላሸውን ተህዋስም ይቀንሳል። እሷ ይኼን ያወቀችው ወረቀት አንብባ አይደለም።

ሥራው እንዲህ ነው። የተከካውን ብቅል በጨርቅ ከረጢት ቋጥሮ በሞቀ ውኃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል እንደ ሻይ መዘፍዘፍ። ከረጢቱን አውጥቶ ወፍራሙን ጭማቂ መበጥበጥ። አንድ ሰዓት ማፍላት። በመሃል አረንጓዴውን ሆፕስ በየተራ መጨመር። ቶሎ የገባው ምሬቱን ይሰጣል። መጨረሻ ላይ የገባው ሽታውን። የኔ ካርቶን ውስጥ የነበረው ካስኬድ የሚባለው ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ከኦሪገን የወጣ ዝርያ ነው። በኋላ በ1980 በካሊፎርኒያ ሴራ ኔቫዳ የተባለ ትንሽ ጠማቂ ፔል ኤሉን ሠራበትና ስሙ ገነነ። ድስቱ ውስጥ ስጨምረው ትርንጎ ሲላጥ የሚወጣው ሽታ ቤቱን ሞላው። ባለቤቴ ከፎቅ ወርዳ «ምንድነው የሚሸተው?» አለች። ስድብ አልነበረም።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። ሆፕስን በአማርኛ ጌሾ የሚሉ ሰዎች አሉ። ጌሾ አይደለም። ሥራቸው ይመሳሰላል እንጂ ዘራቸው አይገናኝም። ሆፕስ የሐረግ አበባ ነው። ጌሾ ቅጠሉና እንጨቱ የሚወቀጥ ቁጥቋጦ ነው። አንዱን ባንዱ ተክቶ መጠኑ ይመጣል የሚል ካለ ሆፕስን አንድ ቀን ጋን ውስጥ ይክተትና ይየው።

ድስቱን ገንዳ ውስጥ በረዶ ደርድሬ አቀዘቀዝኩት። ባልዲው ውስጥ ገለበጥኩ። እርሾውን በተንኩበት። በማግስቱ ክዳኑ ላይ የተሰካችው ቱቦ ቡልቅ ቡልቅ ማለት ጀመረች። ወንበር ስቤ ቁጭ ብዬ አየኋት። እማዬ ጆሮዋን ጋኑ ላይ አስደግፋ የምትሰማው ይኼንን ነበር።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

ካርቶኑ ውስጥ ሃይድሮሜትር የሚባል የመስታወት ዘንግ አለ። ውኃው ውስጥ ያለውን ስኳር ይለካል፤ እርሾው ስኳሩን ሲበላ ቁጥሩ ይወርዳል። የኔው ሲጀምር 1.050 ነበር። ወደ 1.012 ሲወርድና ሁለት ሦስት ቀን እዚያው ሲቆም አልቋል ማለት ነው። በሰባተኛው ቀን ስለካ 1.020 አለኝ። ቡልቅታው ግን ቆሟል። ሐምሌ 5 የሐዋርያት ጾም ይፈታል። ቢራው ጠርሙስ ውስጥ ሁለት ሳምንት መቆየት አለበት። አሰላሁት። ዛሬ ካላሸግሁት ለጾም መፍቻ አይደርስም። «አልቋል» አልኩና ማሸግ ጀመርኩ።

ሲታሸግ ደግሞ ትንሽ ስኳር በፈላ ውኃ አሟሙተው ይጨምራሉ። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው እርሾ ያንን በልቶ ጋዙን ይሠራል። የቢራው አረፋ ከዚያ ነው የሚመጣው። ወረቀቱ 140 ግራም ይላል። እማዬ ግን በሕይወቷ ግራም ብላ አታውቅም። ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ አንድ እፍኝ ትጨምራለች። «ለበረከት» ትላለች። እኔም ከጓዳ አንድ እፍኝ ስኳር ወሰድኩ። ለበረከት።

በአሥረኛው ሌሊት ምድር ቤት ካለው ቁም ሳጥን ተኩስ ተሰማ። ባለቤቴ አልጋው ሥር ገባች። ልጄ ስልኩን ይዞ ለፖሊስ ሊደውል ነበር። ሁለተኛው ፈነዳ። ሦስተኛው። እስኪነጋ ሰባት ጠርሙስ ሄደ። የጠርሙሱ ስባሪ የቁም ሳጥኑ በር ላይ ተሰክቶ ነበር። ዓይን ቢያገኝ ኖሮ ዛሬ ይኼንን ደብዳቤ እየሳቅሁ አልጽፍም ነበር። ጠዋት የክረምት ካፖርቴን ለበስኩ። የልጄን የዋና መነጽር አደረግሁ። የቀሩትን አንድ በአንድ በረዶ ውስጥ ከተትኩ። ሲቀዘቅዙ ጋዙ ይረጋል። ከዚያ ቆርኪያቸውን ቀስ እያልኩ ነቀነቅሁ። ግማሹ ጣራ ነካ።

ለእማዬ ስነግራት «ጠላ ይፈነዳል እንዴ?» አለችኝ። አይፈነዳም። ጋን ይተነፍሳል። አፉ በጭቃ ቢመረግም ጋዙ መውጫ አያጣም። በቆርኪ የተጠረቀመ ጠርሙስ ግን ምሕረት የለውም። የእማዬ እፍኝ ስሕተት አልነበረም። እኔ ነኝ ያለ ቦታው ያመጣሁት።

ጥር ላይ ደግሜ ጠመቅሁ። ምድር ቤቱ ስለቀዘቀዘ ባልዲውን በደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ጠቀለልኩት። ሃያ ዓመት ሻንጣ ውስጥ የኖረ ብርድ ልብስ ሥራ አገኘ። ሦስት ቀን በተከታታይ ለካሁ። 1.012፣ 1.012፣ 1.012። ስኳሩን በሚዛን። ጥቁር ቡናማ ጠርሙስ ብቻ፣ ምክንያቱም ብርሃን ሆፕሱን ያገማዋል። ለማኅበራችን ሁለት ደርዘን ይዤ ሄድኩ። አንድ ሽማግሌ ብርጭቆውን ወደ መብራት አንሥተው አዩት። ጠርሙሱ ሥር የተኛውን እርሾም አዩ። «አተላ አለው! የቤት ነው» አሉና ጨለጡት። እንደዚያ ያለ ምስክር ወረቀት አላገኘሁም።

ይኼንን ሁሉ ያወራሁት ለሚቀጥለው ነገር ነው።

ፔል ኤሉ ከተሳካ በኋላ ጠላ ልጥመቅ አልኩ። እዚህ ያሉ የሐበሻ ሱቆች ጌሾም ብቅልም ይሸጣሉ። ሁለቱንም ገዛሁ። ከረጢቱን አገላበጥሁት። ስሙና ዋጋው ብቻ ነው። ስንት ጌሾ ለስንት ብቅል? ስንት ቀን? ባለሱቁን ጠየቅሁት። «ሁሉም ያውቀዋል ብዬ ነው» አለኝ። ወደ እማዬ ደወልኩ።

«ጌሾው ምን ያህል ነው?»

«እስኪበቃው።»

«ውኃውስ?»

«እስኪቀጥን።»

«ድፍድፉ ስንት ቀን ይቆያል?»

«ሲደርስ ራሱ ይነግርሃል።»

ደብቃኝ አይደለም። ልኩ እጇ ላይ ነው፤ ጋኗ ላይ ነው፤ አፍንጫዋ ላይ ነው። እሷ ሰማንያ ልትደፍን ነው። እኔ ደግሞ ጋኗም አፍንጫዋም የለኝም። ያለኝ የላስቲክ ባልዲና ሚዛን ነው። የደረጃውን ስም አውቃለሁ። ጌሾና ብቅሉ ይጠነሰሳል። ቂጣው ተቆርሶ ይገባል፣ አሻሮው ይከተላል፣ ድፍድፍ ይሆናል። በመጨረሻ ውኃ ተሞልቶ ይታፈናል። ስም ብቻውን ግን ባልዲ ውስጥ አይገባም።

የጠየቅሁት ሰው ሁሉ «የያንዳንዱ ቤት ጠላ ይለያያል፣ እንዴት በወረቀት ይጻፋል?» ይለኛል። ይለያይ። የጎንደሩ ኮረፌ እንደ ሸዋው ጠላ አይጠመቅም፤ ማንም አላለም። የፔል ኤሉም ወረቀት የመጀመሪያውን ባልዲ እንዳታበላሸው ነው የተጻፈው። ሁለተኛው ላይ ሁሉም እንደ ምላሱ ይቀይራል። እኔ ራሴ አሁን የመጨረሻውን ሆፕስ እጥፍ አደርገዋለሁ።

ስለዚህ በጋዜጣችሁ በኩል ሁለት ልመና አለኝ። ጌሾና ብቅል የምትሸጡ፣ አገር ቤትም ውጭም፣ ሁለቱን ባንድ ካርቶን አድርጉና አንድ ገጽ ወረቀት ጨምሩበት። ለ10 ሊትር ስንት ግራም፣ ስንት ቀን፣ ምን ሲሸት ይጣላል፣ ምን ሲሸት ይጠጣል። «ጠርሙስ ውስጥ አታሽጉ» የሚለውን በትልቁ ጻፉልኝ። ሁለተኛው ለእናንተ ለአዘጋጆቹ ነው። አንድ ዓምድ ስጡና ጠማቂዎች ልካቸውን ይላኩ። በጣሳም ይሁን፣ በኩባያም ይሁን፣ በእፍኝም ይሁን። ጣሳውን ወደ ግራም መለወጡን ለእኔ ተዉት።

የራሴን ድርሻ ጀምሬአለሁ። ለገና ደብረ ብርሃን እሄዳለሁ። ሻንጣዬ ውስጥ የወጥ ቤት ሚዛን አለ። እማዬ እፍኟን ባነሣች ቁጥር ሚዛኑ ላይ እንድታሳርፍልኝ እጠይቃታለሁ። እስካሁን አልነገርኳትም።

አክባሪያችሁ፣
የጠላ ጠማቂዋ ልጅ
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ