አሲድና በረኪና አንድ ፓሌት ላይ

ለዝግጅት ክፍሉ፣

የመጠጥ ፋብሪካ ሲባል ሰው ዓይኑ ላይ የሚመጣበት ጠርሙሱ ነው። እዚህ ኮምቦልቻ በዚህ ሥራ እንጀራ የምንበላ ሰዎች ግን ከኋላ ያለውን የኬሚካል መጋዘንም እናውቀዋለን። ታንኩና ቧንቧው በኮስቲክ ሶዳ ይታጠባል፣ ከዚያ በናይትሪክ ወይም በፎስፎሪክ አሲድ፣ በመጨረሻ የጀርም መግደያው፣ በረኪና ወይም ፔራሴቲክ አሲድ፣ ይገባል። ሁሉም በጀሪካንና በበርሜል ነው የሚመጣው።

ቅሬታዬ ስለ ቁጥጥሩ ነው። የምሠራበት ፋብሪካ የመጡት ሰዎች የእሳት ማጥፊያውን ቀን አዩ፣ በሩ ላይ የተለጠፈውን የአደጋ ምልክት አዩ፣ ፈርመው ሄዱ። የቱ ከየቱ ጎን ተቀመጠ ያለ የለም። አሲዱና በረኪናው ግን አንድ ፓሌት ላይ ነበሩ። ከአሲዱ ሥር ሲሚንቶው ተበልቶ ጠጠሩ ወጥቷል፤ ሲያንጠባጥብ ከርሟል ማለት ነው። ሁለቱ ከተገናኙ ክሎሪን ጋዝ ነው የሚወጣው፣ ክሎሪን ደግሞ ከአየር ስለሚከብድ ወለሉ ላይ ይተኛል፣ የወደቀ ጓደኛውን ላንሳ ብሎ ያጎነበሰውም እዚያው ሊቀር ይችላል። ለኃላፊው ብነግረው «አብሽር፣ እስከ ዛሬ ምን ሆነ?» አለኝ። ወሎዬ ማጽናናት ያውቅበታል፣ ጋዝ ግን በአብሽር አይመለስም።

ፔራሴቲክ አሲዱ ሌላ ጉድ ነው። ዝም ብሎ በተቀመጠበት ኦክስጅን ስለሚለቅ ክዳኑ መተንፈሻ አለው። ሽታው ያስቸገረው አንድ ሰው ክዳኑን በፌስታል ጠቅልሎ ጥብቅ አድርጎ አስሮታል! ያውም በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ በቀትር። ጀሪካኑ ሆዱ ተነፍቶ ነው የደረስንበት።

አሲዱን ከበረኪናው ማራቅ ብቻም አይበቃም። የፈሰሰውን የሚያቁር ማገጃ ግንብ ለየራሳቸው ይሠራላቸው፣ ከውስጡ ያለው ትልቁ ዕቃ የሚይዘውን 110 በመቶ የሚችል። በግድግዳ ለይተን ፍሳሻቸውን አንድ ቦይ ውስጥ ከለቀቅነው ምኑን ለየነው? ባዶው ጀሪካን ደግሞ ተሸጦ ገበያ ይወጣል፣ ውሃ ይቀዳበታል፣ ጠላ ይቀመጥበታል። ሳይበሳ ከግቢ መውጣት የለበትም፣ በቃ።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሠራተኛውን ደኅንነት የመጠበቅ ግዴታ የጣለው አሠሪው ላይ ነው። ተቆጣጣሪዎቻችን ቀጣዩን ጉብኝት እስቲ በማታ ፈረቃ ያድርጉት። አንዱን ሠራተኛ ጠርተው «ኮስቲክ ዓይንህ ውስጥ ቢገባ የት ትሮጣለህ?» ይበሉት። ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በሚፈስ ውሃ መታጠብ አለበት። የእኛ መታጠቢያ ያለበት ክፍል ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ይቆለፋል። ቁልፉ ስቶር ኪፐሩ ጋ ነው፣ እሱ የሚያድረው ደሴ ነው።

አንድ የጥገና ሠራተኛ
ከኮምቦልቻ