ስለ ሚኪ ጉልበት

ሐምሌ 12

ይድረስ ለእማዬ፤ እንደምን ሰነበትሽ? የሱሉልታ ብርድ እንዴት ይዞሻል?

ሚኪ በነሐሴው የሰፈር ውድድር ልግባ ቢልሽ አይሆንም በይው። «ምንም አያመኝም» ብሎ ይከራከርሻል። ሕመም መጥፋቱ በቀዶ ሕክምና የተተካለት የጉልበቱ ጅማት ጠና ማለት አይደለም። ጥር ላይ የተተከለለት ከገዛ ጭኑ ኋላ የተወሰደ ጅማት ነው፤ መጀመሪያ ደም ስለማያገኝ ይላላል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ይጠነክራል፤ ለዚህ ዓመት እንኳ አይበቃውም። ነሐሴ ገና ሰባተኛ ወሩ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት እስከ 9ኛው ወር ድረስ በዘገየ በእያንዳንዱ ወር ጉልበቱ ዳግም የመጎዳቱ ዕድል በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ አሳይቷል። ስለዚህ ቢያንስ ጥቅምት ይድረስ።

ዕድሜውም አይረዳውም። ከ25 ዓመት በታች ሆነው ወደ ስፖርት ከተመለሱት ከ100 ሰው 23 ያህሉ ጅማቱ ዳግም ይበጠስባቸዋል፤ አንዳንዱም በደህናው ጉልበት። ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል።

ወሩ ብቻውንም አይበቃም፤ የጭኑ ፊት ጡንቻ ጥንካሬም ይለካ። ፊዚዮቴራፒስቱ መዝለል ከፈቀደለት በረንዳው ላይ በጠመኔ አስምሪ። በአንድ እግሩ ይዝለል፣ ባረፈበትም ሳይንገዳገድ ሁለት ሰከንድ ይቁም፤ በየእግሩ ሦስት ጊዜ። በደህናው 150 ሳንቲ ሜትር፣ በታከመው 120 ከዘለለ የደህናውን 80 በመቶ ነው፤ ቢያንስ 90 በመቶ ያስፈልገዋል። ግን ቁጥሩ ያታልላል፦ ደህናው እግርም በዕረፍቱ ስለደከመ ልዩነቱ ጠብቦ ይታያል፤ ልጁም በዳሌውና በቁርጭምጭሚቱ እየገፋ ርቀቱን ያሟላዋል። ስለዚህ ሲያርፍ ከፊት ለፊት በስልክ ቅረጪውና ጉልበቱ ወደ ውስጥ ይወድቅ እንደሆነ እዪ። በማግሥቱ ጠዋት ካበጠ ቸኩሏል ማለት ነው።

ቀጥ ያለ ሩጫ ከተፈቀደለት ይሩጥ፣ ሜዳው ለዚህ ደግ ነው። የሚያስፈራኝ ታኬታው ሣሩን ነክሶ እግሩ ሲተከልና ሰውነቱ ሲዞር ነው፤ ጅማቱ በአብዛኛው የሚበጠሰው ማንም ሳይነካው እንዲያ ሲሆን ነው።

ፈተናውን ቢያልፍም ዋስትና የለውም፤ አዲሱን ጅማት ይጠብቅለት ይሆናል እንጂ ሌላውን ጉልበት አይጠብቅለትም። ስለዚህ ሲመለስም በሳምንት ቢያንስ ሁለቴ ከልምምድ በፊት 20 ደቂቃ የማሟሟቂያና የሚዛን ልምምድ ይሥራ። አሠልጣኙ «ያለ እሱ አይሆንም» ካለሽ፣ ስልኬን ስጪው።

ሜትሩ ከስፌት መኪናሽ መሳቢያ ውስጥ አለ። ቅዳሜ እደውላለሁ፣ ቁጥሮቹን ጽፈሽ ጠብቂኝ።

ልጅሽ